ከፍታ የወሰደውን አየር ካምሻፍት አይመልሰውም

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ ከስልክ ወደ ስልክ ሲዞር ቆይቶ እኔም ዘንድ ደረሰ። የተጻፈው ፒካፕ በየቀኑ ለሚነዱ የወሎ ሰዎች ነው። ባጭሩ የሚለው ይህን ነው። የደሴና የአካባቢዋ ከፍታ የመኪናችንን ጉልበት በልቶታል። መድኃኒቱ ቫልቮላን (የሞተሩን የአየርና የጭስ በር) ረዘም ላለ ጊዜ ከፍቶ የሚያቆይ የውድድር ካምሻፍት መግጠም ነው። ቀጥሎ ማርሚታውን (የጭስ ማውጫውን ድምፅ ማፈኛ) ቆርጦ 3 ኢንች ቱቦ መዘርጋት። ይኼ ለቤንዚንም ለናፍጣም እኩል ይሠራል፣ ነዳጅ ይቆጥባል፣ ሚኒሞ (ነዳጅ ሳይረገጥ ሞተሩ የሚዞርበት ዙር) እና ፍሬን ላይ ምንም አያመጣም። ድምፁ ደግሞ ያስከብራል።

ጸሐፊውን አላውቃቸውም። ብዕራቸው ግን ይነበባል። ዝም ማለት ያልፈለግኩትም ለዚህ ነው። የነዳጅ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ በ2016 ዓ.ም. ከታገደ ወዲህ ያለችውን አሮጌ መኪና አክብሮ መያዝ ግድ ሆኗል። አንድ ሰው ይህን ምክር አምኖ ደህና ሞተር ቢያስከፍት ኪሱ ብቻ አይደለም የሚጎዳው። ስለዚህ ነጥብ በነጥብ ልሂድ።

መጀመሪያ ልክ የሆኑበትን ልናገር። ካምሻፍትና የጭስ ማውጫ ተነጣጥለው መመረጥ የለባቸውም ብለዋል። እውነት ነው። የሚገባውን የቀየረ ሰው የሚወጣውንም ማሰብ አለበት። ውስጡ በዝገት የረገፈ አሮጌ ማርሚታ ሞተር ያንቃል ማለታቸውም ትክክል ነው። እስከዚህ አብረን ነን።

የምንለያየው ከፍታው ላይ ነው።

ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚህ ከፍታ ላይ የአየር ግፊት በባሕር ጠለል ካለው በሩብ ያህል ያንሳል። ቱርቦ (አየር ጨምቆ የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው ሞተር ጉልበቱ በዚያው ልክ ይወርዳል። ጅቡቲ ወደብ ላይ 100 የፈረስ ጉልበት የነበረው ሞተር ደሴ ፒያሳ ሲደርስ 75 አካባቢ ነው። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር አካባቢ ስለሆነች ኪሳራዋ ወደ አንድ አምስተኛ ይጠጋል። ከባቲ አልፋችሁ ወደ ሚሌ ስትወርዱ መኪናው ነፍስ የሚዘራው ለዚህ ነው።

ይህን ጸሐፊውም ያውቁታል፤ አስረድተውታልም። የሳቱት ቀጥሎ ነው። ካምሻፍት አየር አይፈጥርም። አየርም አይጨምቅም። ፒስተኖቹ የሚያዞሩት ዋናው ዘንግ፣ ክራንክሻፍቱ፣ ሁለቴ ሲዞር እሱ አንዴ ይዞራል። ሥራው ቫልቮላ መቼ ይከፈት፣ ምን ያህል ይነሳ፣ መቼ ይዘጋ የሚለውን መወሰን ብቻ ነው። የሚገባው አየር ከሳሳ በሩን ረዘም ላለ ጊዜ ከፍቶ ማቆየት አየሩን አያወፍረውም።

እንዲያውም ዝቅተኛ ዙር ላይ ነገሩ ይገለበጣል። ረጅም ዱሬሽን ያለው፣ ማለትም ቫልቮላን ለረጅም ጊዜ ከፍቶ የሚያቆይ ካም የአየር ማስገቢያውን ቫልቮላ ዘግይቶ ነው የሚዘጋው። ፒስተኑ ወደ ላይ መመለስ ጀምሯል፤ ቫልቮላው ግን ገና ክፍት ነው። ሞተሩ በደቂቃ 5,000 ጊዜ ሲዞር አየሩ ሩጫ ላይ ስለሆነ፣ ፒስተኑ ወደ ላይ እየመጣም ቢሆን መግባቱን ይቀጥላል። ለዚህ ነው ለውድድር መኪና የሚስማማው። 2,000 ዙር ላይ ግን ያ ሩጫ የለም። ፒስተኑ የገባውን አየር መልሶ ወደ መጣበት ይገፋዋል። ከፍታው ሩቡን ከወሰደ በኋላ ከተረፈው ላይ ሌላ ይቀነሳል ማለት ነው።

የሐረጎን ዳገት ይዘን እንየው። ከኮምቦልቻ ደሴ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በዚያች ርቀት 600 ሜትር ያህል ከፍ ትላላችሁ። ከኋላ ስሚንቶ ጭናችኋል። ከፊት ሲኖትራክ እያቃሰተ ይወጣል። መታጠፊያው አሁንም አሁንም ስለሆነ መቅደም አይታሰብም። በሦስተኛ ማርሽ 40 ላይ ናችሁ፤ ሞተሩ 1,800 አካባቢ ይዞራል። ሲኖው ቀዝቀዝ ሲል ሁለተኛ ታስገባላችሁ፤ ዙሩ 2,500 አካባቢ ይደርሳል። ከዚያ ጥቂት ሜዳ ነገር ሲገኝ እንደገና ሦስተኛ። የወሎ ፒካፕ ሕይወቱን የሚገፋው እዚህ መሀል ነው። ከወልድያ ወደ ላሊበላ የሚወጣም ሰው ከዚህ የተለየ አይነግራችሁም።

የቶዮታን የድሮውን 22አር ሞተር እንውሰድ። 2.4 ሊትር ነው፤ ቤንዚን፣ ካርቡሬተር ያለው። ከፍተኛውን ቶርክ (የመጎተት ኃይል) የሚሰጠው 2,800 ዙር አካባቢ ነው። ፋብሪካው ይህን ያደረገው ጉልበት መጨመር ስላቃተው አይደለም። ጭነት የሚሸከም መኪና ጉልበቱን የሚፈልገው እዚያ ስለሆነ ነው። የውድድር ካም ያንን ጫፍ ወደ 4,000 እና ከዚያ በላይ ይገፋዋል። እስቲ በሉ፣ ሐረጎ መታጠፊያ ላይ 4,000 ዙር በየትኛው ማርሽ ልትይዙት ነው? በአንደኛ ካልሆነ በቀር አይሆንም። ያኔ ደግሞ ሲኖትራኩን መቅደም ቀርቶ መከተልም ያቅታል።

ስለ ቁጥሮቹም ትንሽ ልበል። ጸሐፊው ሁለት ካሞችን አነጻጽረው፣ የዱሬሽን ቁጥሩ የበለጠው ይሻላል ብለዋል። በቅድሚያ መታየት ያለበት ቁጥሩ እንዴት እንደተለካ ነው። አንዱ አምራች ቫልቮላው ገና መነቃነቅ ሲጀምር አንስቶ ይቆጥራል። ሌላው 1.27 ሚሊሜትር ከተነሳ በኋላ ነው መቁጠር የሚጀምረው። ያው አንድ ካምሻፍት በአንደኛው መንገድ 260 ዲግሪ፣ በሌላው 210 አካባቢ ሊጻፍበት ይችላል። ሁለት የተለያየ አለካክ ያላቸውን ቁጥሮች ጎን ለጎን አስቀምጦ ትልቁን መምረጥ ምንም ትርጉም የለውም።

የግድ ካም መቀየር ያለበት ሰው አለ። ጥርሱ የተበላ፣ ሎቡ (ቫልቮላውን የሚገፋው ጉብታ) የተላጠ ካም ያለው ሰው ዝም ብሎ መንዳት አይችልም። እሱ የሚፈልገው ዱሬሽኑ ከፋብሪካው ብዙ ያልራቀ፣ ሊፍቱ (ቫልቮላውን የሚያነሳበት ልክ) ትንሽ ከፍ ያለ፣ የሎቦቹ መራራቅ ከ110 እስከ 114 ዲግሪ የሆነ ካም ነው። ሻጩን መጠየቅ ያለበትም «ስንት ፈረስ ይጨምራል?» ብሎ አይደለም። «ከስንት እስከ ስንት ዙር ነው የሚሠራው?» ነው። መልሱ ከሚኒሞ እስከ 4,500 አካባቢ ከሆነ ይነጋገሩ። ከ2,500 ይጀምራል ካለው አመስግኖ ይውጣ።

ደግሞ ካሙ ብቻውን አይመጣም። ካሙን የሚነኩት የሮከር ፊቶች በአሮጌው ካም ቅርጽ ተበልተዋል። እነሱን ሳይቀይሩ ወይም ሳያስሞርዱ አዲስ ካም መግጠም አዲሱንም በአጭር ጊዜ ማስበላት ነው። ሊፍት ከጨመረ የቫልቮላ ሞላ መታየት አለበት። 22አር ላይ ደግሞ ከፊት በኩል ካሙን የሚያዞረው ሰንሰለት መሪዎች አሉ። ፕላስቲክ ናቸው፤ ሲያረጁ ይሰበራሉ። ከተሰበሩ ሰንሰለቱ የፊት ክዳኑን ከውስጥ እየፋቀ ይበሳዋል፤ ውሃ ከዘይት ጋር ይቀላቀላል። ሞተር አስነስታችሁ ጠዋት ከፊት በኩል የሰንሰለት መንኳኳት ከሰማችሁ ለካም ያሰባችሁትን ገንዘብ እዚያ ላይ አውሉት። ጸሐፊው ስለዚህ አንድም ቃል አላነሱም።

አሁን ከሁሉም ያሳሰበኝ ነጥብ ላይ ደረስን። ሚኒሞና ፍሬን ላይ ምንም አያመጣም ያሉት።

የቤንዚን መኪና ፍሬን ሲረገጥ የሚያግዘን ከአየር ማስገቢያው ማኒፎልድ የሚመጣ ቫኩም (የአየር ስበት) ነው። ፔዳሉ ሥር ያለው ክብ ቆርቆሮ በአንድ በኩል ቫኩም፣ በሌላ በኩል የውጭ አየር አለው። የሁለቱ ልዩነት ነው ገፍቶ የሚያግዘን። ደህና ሞተር ባሕር ዳርቻ ላይ በሚኒሞ ከ18 እስከ 20 ኢንች (በሜርኩሪ ልክ) ቫኩም ይሰጣል። በየ300 ሜትሩ ከፍታ 1 ኢንች ያህል ይቀንሳል። ደሴ ላይ ያው ጤነኛ ሞተር ከ10 እስከ 12 ያነብባል ማለት ነው። ምንም ሳንነካው ከወዲሁ ተቀንሶብናል።

እዚህ ላይ ረጅሙን ካም ጨምሩበት። እንዲህ ያለ ካም ሁለቱንም ቫልቮላ አንድ ላይ ከፍቶ የሚያቆይበት ጊዜ ሰፊ ነው፤ ኦቨርላፕ የሚባለው። በሚኒሞ ላይ የተቃጠለ ጭስ ወደ ማስገቢያው ይመለሳል፣ ቫኩሙ ይወድቃል። ባሕር ዳርቻ ላይ 13 ኢንች የሚሰጥ ካም ደሴ ላይ 5 ቢሰጥ አይገርምም። በዚያ ቫኩም ሁለተኛውን ረገጣ ስትረግጡ ፔዳሉ ድንጋይ ነው።

ለሐቁ ያህል፣ አደጋው ብዙ ሰው የሚፈራው ቦታ ላይ አይደለም። ሐረጎን በሦስተኛ ማርሽ ስትወርዱ ነዳጁ ተዘግቶ ሞተሩ በፍጥነት ስለሚዞር ቫኩም አይጠፋም። ችግሩ ሰኞ ገበያ ውስጥ ነው። ግርግር፣ አህያ፣ ባጃጅ፣ ረገጥ ለቀቅ፣ ረገጥ ለቀቅ። ሞተሩ በሚኒሞ ላይ ነው። እንዲህ ያለ ካም የገባበት መኪና ላይ ቫኩም ጌጅ ብትሰኩ መርፌው አንድ ቦታ አይቆምም፤ እየተንቀጠቀጠ ይወርዳል ይወጣል። መሪው እጅ ላይ ይንቀጠቀጣል። መካኒኩ ደግሞ እንዳይጠፋ ሚኒሞውን ወደ 1,100 ከፍ ያደርግላችኋል። ከዚያ መኪናው ፍሬን ሳይለቀቅ በራሱ መግፋት ይጀምራል።

መፈተኑ ቀላል ነው። ሞተሩን አጥፍታችሁ ፍሬኑን ደጋግማችሁ ርገጡ፤ ይጠነክራል። እግራችሁን ሳታነሱ አስነሱት። ፔዳሉ ትንሽ ወደ ታች ከወረደ አጋዡ እየሠራ ነው። ካልወረደ መኪናዋን ከግቢ አታውጡ።

ናፍጣ ላይ ይህ ችግር የለም። ናፍጣ ቫኩሙን የሚያገኘው ከራሱ ትንሽ ፖምፓ ነው፤ ብዙውን ጊዜ ከዲናሞው ጋር የተያያዘ ነው። ይህን በመኪናቸው አይተው ይሆናል ጸሐፊው ፍሬን አይነካም ያሉት። ግን ናፍጣ ላይ ደግሞ ሌላ ጉድ አለ።

ለናፍጣም እኩል ይሠራል ብለዋልና። አይሠራም። ናፍጣ ካንዴላ አብርቶ አያቀጣጥልም። የሚያቀጣጥለው አየሩ ሲጨመቅ የሚፈጠረው ሙቀት ነው። ሃይሉክስ ላይ ያለው 5ኤል የሚባለው የናፍጣ ሞተር የመጨመቅ መጠኑ 22 ለ1 ገደማ ነው። ዘግይቶ የሚዘጋ ቫልቮላ ስትገጥሙበት በተግባር የሚጨመቀው አየር ያንሳል። አየሩ ደግሞ ከመጀመሪያው የሳሳ ነው። በዚያ ላይ የደሴ ጠዋት ብርዱ የታወቀ ነው። የጦሳ ተራራ ጉም ለብሶ ባደረበት ማለዳ ነጭ ጭስ እየተፋ የማይነሳ ፒካፕ ለመሥራት ከዚህ የተሻለ ዘዴ የለም።

ሁለተኛ፣ ናፍጣው ዙሩን በሚገድብ መሣሪያ (ገቨርነር) የታሰረ ነው። 5ኤል ሙሉ ጉልበቱን 4,000 ዙር ላይ ሰጥቶ ይጨርሳል። ከዚያ በላይ የሚሠራ ካም ምን ሊያደርግለት? ሦስተኛ፣ ናፍጣ ሞተር ውስጥ ፒስተኑ ጫፍ ላይ ሲደርስ ከቴስታታው (የሞተሩ የላይ ክዳን) ጋር ሊነካካ ምንም አይቀረውም። ቫልቮላው ያለጊዜው ትንሽ ወጥቶ ቢገኝ ይገጫል። 5ኤልን ለካም ያስከፈተ ሰው ይልቅ ካሙን የሚያዞረውን ቺንጋ ይይ። ዳሽቦርዱ ላይ ቲ-ቤልት የሚለው መብራት በ100,000 ኪሎ ሜትር የሚበራው ለጌጥ አይደለም። ቺንጋው ከተበጠሰ ቫልቮላዎቹ ይጎብጣሉ፤ ሞተሩም ይወርዳል።

ቱርቦ የሌለው ናፍጣ ደሴ ላይ ጥቁር ጭስ የሚተፋው ነዳጁ ባለበት ሆኖ አየሩ ስላነሰ ነው። አንዳንድ የቶዮታ የናፍጣ ፖምፓዎች ከፍታውን አይተው ነዳጁን የሚቀንሱበት መሣሪያ አላቸው፤ ብዙዎቹ የላቸውም። እዚያ ላይ አንዳንድ መካኒክ «ጉልበት ልጨምርልህ» ብሎ የፖምፓዋን ቡሎን ከፈት ያደርጋል። የሚጨምረው ጭስና ሙቀት ነው። ከፍታ የወሰደውን አየር የሚመልሰው ቱርቦ ብቻ ነው። ቱርቦ ያለው 2ኬዲ የናፍጣ ሞተር የገባባቸው ሃይሉክሶች ዳገቱን እንደ ድሮዎቹ የማይፈሩት በካማቸው አይደለም፤ በቱርቦአቸው ነው።

ወደ ቱቦው ልምጣ። እዚህ ላይ ሁለት እምነት አለ። ጸሐፊው የያዙት «በሰፋ ቁጥር ሞተር ይተነፍሳል» የሚለውን ነው። የጋራዥ ሽማግሌዎች ደግሞ «ሞተር ትንሽ መታፈን አለበት፤ ካልታፈነ ጉልበት የለውም» ይላሉ። ሁለቱም ግማሽ መንገድ ላይ ቀርተዋል።

መታፈን ለየትኛውም ሞተር አይጠቅምም። የሚጠቅመው የጭሱ ፍጥነት ነው። ከአንዱ ሲሊንደር በፍጥነት የወጣ ጭስ ከኋላው ዝቅ ያለ ግፊት ትቶ ይሄዳል። ያ ቀጣዩን ስቦ ያወጣል። ቱቦው ያለልክ ሲሰፋ ጭሱ ይዘገያል፣ ይቀዘቅዛል፣ ስበቱም ይጠፋል። ሽማግሌዎቹ ያዩት ነገር ልክ ነው፤ ቱቦ ሲሰፋ መኪናው ዳገት ላይ ደክሟል። የሰጡት ምክንያት ነው ልክ ያልሆነው።

3 ኢንች የሚለውን ቁጥር እንየው። የ3 ኢንች ቱቦ አፍ ከ2 ኢንቹ ከሁለት እጥፍ በላይ ይሰፋል፤ በትክክል 2.25 እጥፍ። ያው ጭስ በዚያ ውስጥ ሲያልፍ ፍጥነቱ ከግማሽ በታች ይሆናል። 22አር በተሠራበት ቀንም 100 ፈረስ አካባቢ ነበር። ደሴ ላይ 75 ነው ብለናል። ለሱ 2 ኢንች በቂው ነው፤ ማለትም 50 ሚሊሜትር። 2 ከሩብ ኢንች ቢሆን ደግሞ የመጨረሻው ነው። ከፍታው የገባውን አየር ሲቀንስ የሚወጣውንም ጭስ ነው አብሮ የቀነሰው። ስለዚህ እዚህ ያለ ሰው ቱቦ ለማስፋት ያለው ምክንያት ባሕር ዳርቻ ካለው ሰው ያነሰ ነው። ጸሐፊው ግልባጩን ነው የጻፉት።

ቱርቦ ላላቸው ናፍጣዎች ግን ነገሩ ሌላ ነው። ከቱርቦው በኋላ ያለው ቱቦ ቀለል ባለ ቁጥር ቱርቦው ቶሎ ይነሳል። 2ኬዲ ላይ 2.5 ኢንች ቱቦ ቢዘረጉ አልቃወምም። 3 ኢንችም ቢሆን አይጎዳውም፤ ገንዘብ ነው የሚባክነው። ጽሑፉ ይህን ልዩነት ቢያደርግ ኖሮ ምላሼ በግማሽ ባጠረ።

የጭስ ማኒፎልድ ለሚያስቀይር ደግሞ፣ አራቱ ቱቦዎች መጀመሪያ ሁለት ሁለት ሆነው ተገናኝተው ኋላ አንድ የሚሆኑበት አሠራር ለታችኛውና ለመካከለኛው ዙር ይስማማል። አራቱም አንድ ቦታ የሚገናኙበት ለከፍተኛ ዙር ነው። በያጁ ቱቦ ሲያጎብጥ ጉብጠቱ ላይ እንዳይጨፈለቅ ተከታተሉት። 2 ኢንች ቱቦ ጉብጠቱ ላይ ወደ አንድ ኢንች ተኩል ከተጨፈለቀ የገዛችሁት የአንድ ኢንች ተኩል ቱቦ ነው። ደግሞ ብየዳ ከመጀመሩ በፊት የባትሪውን ገመድ አስነቅሉ። ዲናሞ ያቃጠለ ብየዳ ስንቱን አስለቅሷል።

ማርሚታ መቁረጡን በተመለከተ ጸሐፊው ቱቦውን አሳጥሮ መሀል ላይ ማስቀረት ክብደት ይቀንሳል ብለዋል። ይህን አንብቤ ደንግጫለሁ። መሀል ማለት ጋቢና ሥር ማለት ነው። ከቤንዚን ሞተር የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም። አሮጌ ፒካፕ ወለሉ ላይ ሽንቁር አለው፤ የማርሽ ዘንጉ ጎማ ተቀዷል፤ የኋላ መስኮቱ ላስቲክ ደርቋል። ደሴ ላይ ደግሞ በብርድ መስኮት ዘግቶ ነው የሚነዳው። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ እንቅልፍ እንቅልፍ ማለት ይጀምራል። ሹፌሩ ደክሞኝ ነው ይላል። ደብል ጋቢና ከሆነች ከኋላ ልጆች አሉ። ቱቦው የፈለገውን ያህል ስፋት ይኑረው፤ መጨረሻው ግን ከጭነት ሳጥኑ ኋላ ወይም ከጎን ውጭ መሆን አለበት። መጋጠሚያዎቹም ጥቁር የጥላሸት ምልክት እንዳይኖራቸው ይታዩ፤ ያ ምልክት ጭስ የሚያፈተልክበት ነው። በዚህ ነጥብ ላይ ከማንም ጋር አልደራደርም።

ማርሚታው ታፍኗል ወይ የሚለውን ሳይቆርጡ ማወቅ ይቻላል። ቫኩም ጌጅ ሰክታችሁ ሞተሩን 2,500 ዙር ላይ ያዙት። መርፌው ባለበት ከቆየ ሰላም ነው። ቀስ በቀስ እየወረደ ከሄደ መንገዱ ላይ የታፈነ ነገር አለ። ወይም ሲቀዘቅዝ በጡጫ መታ መታ አድርጉት፤ ውስጡ የሚንኳኳ ቆርቆሮ ካለ ጊዜው አልፏል። ያኔ በልኩ አዲስ ማርሚታ መግጠም ነው። ለብዙ ሰው ጽሑፉ ቃል የገባለትን ለውጥ የሚያመጣው ይህች ብቻ ናት።

ነዳጅ ይቆጥባል ስላሉት ብዙ አልልም። ዝቅተኛ ዙር ላይ ኦቨርላፕ የበዛበት ካም ያልተቃጠለ ቤንዚን በጭስ ማውጫ ይለቃል። ሐረጎን በአንደኛ ማርሽ የሚወጣ መኪና ደግሞ ነዳጅ ሲቆጥብ አይቼ አላውቅም።

ደሴ ላይ ነዳጅ የሚበላው ሌላ ነገር ነው። ካርቡሬተር ለቆላ ተስተካክሎ ደጋ ሲወጣ አየሩ ሳስቶ ቤንዚኑ ይበዛበታል። ካንዴላ ስትነቅሉ ጥላሸት ለብሶ የምታገኙት ለዚህ ነው። አነስ ያለ ጅግለር (የካርቡሬተሩን የቤንዚን ማሳለፊያ ቀዳዳ) ማስገባት፣ ታይሚንጉን (ካንዴላው የሚያቀጣጥልበትን ጊዜ) ጥቂት ዲግሪ ማስቀደም ለደሴ ነዋሪ ከማንኛውም ካም በፊት የሚመጣ ሥራ ነው። ሰኞ ሰኞ ባቲ ገበያ የሚወርድ ወይም ሚሌ የሚደርስ ሰው ግን ታይሚንጉን ብዙ አያስቀድም። ታች ሲወርድ አየሩ ይወፍራል፤ በሙቀቱ ላይ ጭነት ሲጨመርበት ሞተሩ መንኳኳት ይጀምራል።

የቫልቮላ ክፍተት እንዲሁ። 22አር ሞተሩ ሲሞቅ ማስገቢያው 0.20፣ ማውጫው 0.30 ሚሊሜትር ነው። ይህን በስሜት የሚያስተካክል መካኒክ አለ፤ ፊለር ጌጅ (ክፍተት መለኪያ) ይያዝ በሉት። የአየር ማጣሪያም አለ፤ የወረኢሉን ወይም የመካነ ሰላምን አቧራ የጠጣ ማጣሪያ ሳይለወጥ ስለ ካም ማውራት ቀልድ ነው። ጎማም አለ። ከ205 አር16 ወደ 31 ኢንች ጎማ የቀየረ ሰው ማርሹን ሁሉ በ6 በመቶ ገደማ አክብዶታል። ከዚያ «ሞተሬ ደከመ» ብሎ ጋራዥ ይመጣል።

ሲሊንደር ውስጥ የሚጨመቀውን አየር ግፊት የሚለካውን የኮምፕረሽን ጌጅ ነገር ሳላነሳ አላልፍም፤ በጽሑፉም ውስጥ አለና። የሞተሩ የጥገና መጽሐፍ 12 ኪሎ በካሬ ሴንቲ ሜትር እያለ ጌጁ 9 ካነበበ ፋሻው (የፒስተን ቀለበቱ) አልቋል፣ ሞተር አውርዱ፣ እግረ መንገዳችሁንም ካሙን ቀይሩ ብለዋል። መጽሐፉ የሚናገረው ስለ ባሕር ጠለል ነው። ደሴ ላይ የሚጨመቀው አየር ከመነሻው ሩብ ስለጎደለው 12 የሚለው ሞተር 9 ገደማ ቢያነብብ ጤነኛ ነው። መታየት ያለበት በሲሊንደሮቹ መካከል ያለው ልዩነት ነው። ሦስቱ 9 ሆነው አንዱ 6 ከሆነ ያኔ እንነጋገር። አራቱም 9 ከሆኑ ግን ክዳኑን መልሱና ወደ ቤታችሁ ሂዱ። በዚህ ስሕተት ስንት ደህና ሞተር እንደወረደ ማን ያውቃል።

ድምፁ ያስከብራል ለሚለው፣ ደሴ በተራራ የተከበበች ከተማ ናት። ሌሊት አንድ የተቆረጠ ማርሚታ ሲያልፍ ከጦሳ እስከ አዝዋ ገደል ይሰማል። የሚሰማው ሰው የሚናገረው ደግሞ አክብሮት አይደለም።

ጸሐፊው ተከታይ ክፍል እንደሚጽፉ ቃል ገብተዋል። ሲጽፉ ሁለት ነገር ቢጨምሩልን ደስ ይለኛል። አንደኛ፣ ካሙ ከተገጠመ በኋላ ደሴ ላይ በሚኒሞ ያነበቡትን ቫኩም በኢንች። ሁለተኛ፣ ጭነት ይዘው ሐረጎን በየትኛው ማርሽና በስንት ዙር እንደወጡ፣ ከመቀየሩ በፊትና በኋላ። ቁጥሮቹ እኔን ከተቃወሙ እዚሁ አወጣቸዋለሁ።